ቀብር ያስሮጠው ሹፌር

ጋሽ ቀስታ አስከሬን ጭኖ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር እሽቅድምድም ገጠመ ተባለ። መጀመሪያ የሰማሁት ፀጉር ቤት ነው፤ እዚያ ሟቹ በሰላም ሣጥናቸው ውስጥ ነበሩ። ዳቦ ቤት ስደርስ ሣጥኑ መታጠፊያው ላይ ተከፍቷል። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሟቹ ቀና ብለው "ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ፣ እኔ እንኳ አልቸኮልኩም" ብለውታል። ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ እንደነገረችኝ ደግሞ መሪውን የያዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ በኛ ሰፈር ግን ሐሳብ የሚጨምር የለም፣ ሁሉም የሚጨምረው ወሬ ነው።

እስቲ እኔ ልቀንስበት። ሟቹ ምንም አላሉም። ሣጥኑም አልተከፈተም። እሽቅድምድም የተባለውም ውሸት ነው፤ ፖሊሱ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፣ ከቆመ ሰው ጋር ማን ይሽቀዳደማል? እውነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ቀስታ ሮጧል። እሱን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ሟች ተነስቶ መናገሩን ማመን ይቀላል።

ጋሽ ቀስታ የአስከሬን መኪና ሹፌር ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው ሣጥን ቤት ይሠራል። የቤቱን ባለቤት እኛ "እትዬ ሣጥን" እንላታለን፤ ፊት ለፊቷ ግን "እትዬ" ብቻ፣ ምክንያቱም ዞሮ ዞሮ ማን እጇ ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። መኪናው ረጅም፣ ጥቁር፣ ከኋላ ሙሉ መስታወት ነው፤ ሣጥኑ ከነአበባው እንዲታይ። ጋሽ ቀስታ ያንን መስታወት በየማለዳው በጋዜጣ ይወለውለዋል። "ሰው የመጨረሻ መንገዱን በቆሸሸ መስታወት አይሄድም" ይላል። ከውስጥ በኩል ጥግ ላይ የተሰበሰበ ሐምራዊ መጋረጃ አለ፤ መኪናው ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው፣ ተዘርግቶ ያየው የለም።

ከሟች ቤት ሲነሳ አንደኛ ማርሽ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ ሁለተኛ ያስገባል። ከዚያ በላይ ያሉትን ማርሾች የሠራቸው ፋብሪካ ያውቃቸዋል። አስከሬን ደግሞ አይቀደምም፤ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ከኋላ የሚከተለው ሰው ባለሥልጣንም ይሁን ሽንቱ የወጠረው፣ ሰልፉን ጠብቆ ይሄዳል እንጂ ደርቦ አያልፍም። የሰፈር ቧልተኞች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እኮ እውነት ነው፤ ጋሽ ቀስታን ስንከተል እንቁላሉ በእግሩ ሄደ፣ ጫጩት ሆነ፣ አውራ ዶሮ ሆኖ መቃብሩ በር ላይ ቆሞ ሲጮህብን ደረስን" ይላሉ። ሚስቱም አትምረውም። "ለሰርጋችን እንኳ አርፍዶ ነው የመጣው። ደግነቱ ሙሽራው እሱ ስለሆነ ጠበቅነው።"

እሱ ግን አይናደድም። "ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጋት እንጂ!" የሚለው ለቀስተኛ ካለ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ "የምንሄድበት ቦታ አይዘጋም" ይላል። ስለ ፍጥነት ክርክር ሲነሳ ደግሞ እንዲህ ነው የሚለው፦

"አየህ፣ እየከነፈ የሚያልፈኝን ሁሉ መብራት ላይ አገኘዋለሁ። እሱ ፍሬን ይዞ ያለከልካል፣ እኔ ቀስ ብዬ ከጎኑ እቆማለሁ፣ ሰላም እንባባላለን። መብራት ላይ ያላገኘሁት እንደሆነ፣ እትዬ ዘንድ አገኘዋለሁ።"

ታናሽ ወንድሙ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። መብረቅ ይሉታል፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ትራፊክ ፖሊሶች ደጋግመው ከማስቆማቸው የተነሳ ዘመድ ሆነዋል፤ ክስ ከመቁረጣቸው በፊት "ልጅቷ ፈተናውን አለፈች?" ብለው ይጠይቁታል። መብረቅም ፍልስፍና አለው። "መንገድ ላይ የሚያልቅ ዕድሜ ዕድሜ አይባልም። ቶሎ ደርሼ ቤቴ እኖረዋለሁ።" ሚስቱ ይህን ስትሰማ "ቤት ደርሶ የሚኖረውማ እንቅልፍ ነው" ትላለች።

ልጆች ሳሉም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። እናታቸው ወተት ግዙ ብላ ስትልክ፣ መብረቅ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል፤ ግማሹ ወተት መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀስታ ጠብታ ሳያፈስ ይደርሳል፤ ወተቱ ግን እጁ ላይ ረግቷል። እናትየው እጇን አናቷ ላይ ጭና "ከሁለት ልጅ አንድ መልእክተኛ ልጣ!" ትል ነበር። ወንድማማቾቹም ካደጉ በኋላ ይህንኑ እየተረቡ፣ አንዱ ያንዱን አነዳድ እየሰደበ፣ እሑድ እሑድ አብረው ምሳ እየበሉ ኖሩ። እናታቸው እስክትሞት ድረስ።

እናታቸው ስትሞት ጋሽ ቀስታ መሪውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። "ሰዉን ሁሉ ወስጄ እናቴን ለማን ልተዋት?" በዚያን ቀን ሁለተኛ ማርሽ አልገባም። በእግሩ የሚሄድ ሰው እየቀደመው፣ የመንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ደግፋ እስኪያልፍ እየጠበቀችው፣ በአንደኛ ብቻ ነዳ። ልክ ከኋላው መብረቅ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ፣ የጡብ ፋብሪካው አጠገብ፣ መብረቅ ከሰልፉ ወጣ። ጋሽ ቀስታ በጎን መስታወቱ አየው። ነዳጁን ረግጦ፣ አቧራውን አስነስቶ፣ አስከሬኑን ደርቦ አለፈ። የገዛ እናቱን።

ለቀስተኛው ጉድ አለ። ጋሽ ቀስታ መቃብሩ በር ላይ ሲደርስ መብረቅ ግንቡን ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል።

"እናታችንን ደርበህ አለፍካት?" አለው።

"ዛሬ ታደርሳታለህ ብዬ አልጠበቅኩም" አለ መብረቅ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ያችው ናት የመጨረሻ ቃላቸው። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፣ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ሚስቶቹ ግን ስልኩን አልተዉትም። ጋሽ ቀስታ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ "አውቶቡሱ ፍሬን ተሠራለት ወይ በያት፤ እኔ ጠየቅኩ ግን እንዳትዪ" ይላል። ከወዲያ በኩል ደግሞ መብረቅ "ጉልበቱን ያመው ነበር፣ ተሻለው? አንቺ እንደምትጠይቂ አድርገሽ" ይላል። ሚስቶቹ ስልኩን ከዘጉ በኋላ የሚስቁትን ሳቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሩጫው ቀን እንምጣ።

መብረቅ አንጀቱ ላይ ዕባጭ ተገኘበት። ዶክተሮቹ ቀዶ ጥገና ይደረግለት አሉ፤ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነም አልደበቁም። በቀዶ ጥገናው ቀን ማለዳ ስልኩ ጮኸ፤ ጋሽ ቀስታ ጫማውን እያሰረ፣ ሚስቱ አነሳችው፣ አዳምጣ አዳምጣ ዘጋችው፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀችም።

"ከምሳ በፊት ያስገቡታል። 'ጋሼን አምጡልኝ፣ ከመግባቴ በፊት አንድ የምለው አለኝ' ብሏል።"

"እኔን?"

"ሌላ ጋሼ አለው እንዴ?"

ጋሽ ቀስታ አንደኛውን ጫማ አስሮ ሁለተኛውን ረስቶት ወጣ። ሣጥን ቤት ደርሶ እትዬን ለመናት። "ዛሬ ሌላ ሰው ይንዳልኝ።"

"ሌላ ሹፌር ከየት ላምጣ? ከሣጥን ውስጥ ላውጣ?" አለች። "ደግሞም የሟች ቤተሰብ የመጣው አንተን ብሎ ነው። 'ያ ቀስ የሚለው ሰውዬ ይውሰድልን፣ ክብር ያውቃል' አሉኝ። ምን ልበላቸው? ክብር የሚያውቀው ሰውዬ ዛሬ አይመቸውም ልበል?"

ሟቹ ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በእሳቸው አለንጋ ተገርፏል፤ ምክንያቱም አንድ ነው፣ ማርፈድ። ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ ይቆሙና ደወሉ ከተደወለ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ። እንግዲህ በዚያ ቀን ከኋላ የተሰለፉትን መኪኖች የሚነዱት እነዚያው ተማሪዎች ናቸው፤ ባንክ ቤት ኃላፊው፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ፣ ሁለት ጡረተኛ መሐንዲሶች፣ ምኑ ቅጡ።

ጋሽ ቀስታ እንደ ልማዱ በአንደኛ ተነሳ። ዋናው መንገድ ላይ ሁለተኛ አስገባ። ከዚያ የመንገዱን ርዝመት አሰበ፣ የመቃብሩን ንግግር አሰበ፣ ሆስፒታሉ ከተማው ሌላ ጫፍ መሆኑን አሰበ። እጁ ሳያማክረው ሦስተኛ አስገባ። መኪናው ራሱ ደነገጠ መሰለኝ፣ አንዴ አስነጠሰ። ከዚያ አራተኛ።

ከኋላ ያሉት ጉዱን አዩ። አስከሬን አይቀደምም፤ ግን ከአስከሬን መቅረትም አይቻልም። እነሱም ረገጡ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ በኋላ ሲነግረኝ "ልቤ አፌ ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ሊጠብቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ማርሹን የቀየረው እጄ አይደለም፣ መቀመጫዬ ነው፤ አለንጋውን የሚያስታውሰው እሱ ነው" አለኝ። እንዲህ ሆኖ ያ ሁሉ የተከበረ ሽማግሌ መብራቱን አብርቶ፣ ጥቁሩን ለብሶ፣ ቁልቁለቱን እንደ ወንዝ ወረደው። ያየ ሰው ሠርግ ነው ይላል፤ አበባውም አለ።

ቁልቁለቱ የሚያልቀው የጡብ ፋብሪካው አጠገብ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ትራፊክ ፖሊሱ ከነሞተር ብስክሌቱ ቆሟል፣ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ። እጁን ዘረጋ። ጋሽ ቀስታ ቆመ። ከኋላው ሁሉም ቆመ፤ የጎማው ጩኸት እስከ ፋብሪካው ግቢ ተሰማ።

ፖሊሱ መጣ። ወጣት ነው፤ ፀሐይ ፊቱን ቀይ አድርጎታል። መጀመሪያ መስታወቱን አየና ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ሥራው ትዝ ሲለው መልሶ አጠለቀው።

"መንጃ ፈቃድ፣ አባት።"

ሰጠው።

"በስንት ይነዱ እንደነበር ያውቃሉ?"

"አላየሁም ልጄ። ቆጣሪውን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም።"

ፖሊሱ መለኪያውን አዙሮ አሳየው። ጋሽ ቀስታ ቁጥሩን አተኩሮ አየ። "ይሄ መኪና ይሄን ይችላል?" አለ፣ ከልቡ።

"የት ለመድረስ ነው እንዲህ የሚያስሮጥዎት?"

"መቃብር።"

"መቃብር ይዘጋል እንዴ?"

ጋሽ ቀስታ ባርኔጣውን ነካ አደረገ። ስንት ዓመት ለሰው ሲያድለው የኖረው ቃል ዞሮ ቤቱ መጣበት።

"እውነቱን ይንገሩኝ" አለ ፖሊሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለምን ሮጡ?"

"ወንድሜ ሆስፒታል ነው ልጄ። ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው። ሳይገባ ልደርስበት ብዬ ነው።"

ፖሊሱ በረጅሙ ተነፈሰ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞት ነው። "አባት፣ ከጠዋት ጀምሮ ያቆምኩት ሁሉ ወንድሙ ሆስፒታል ነው። አንዱማ ሦስት ወንድሞቹን ሦስት ሆስፒታል አስተኝቶብኛል። በዚህ ከተማ ወንድሙ ጤነኛ የሆነ ሰው በኔ በኩል አያልፍም?"

ጋሽ ቀስታ እውነት ተናግሮ በውሸታሞች ወረፋ ላይ ተሰለፈ።

ፖሊሱ ወደ ኋላ ሄደ። "እናንተስ?" አለ የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ።

"እኔ እሳቸውን ተከትዬ ነው።"

"ሹፌሩን?"

"ዳይሬክተሩን። ማርፈድ አይወዱም።"

ፖሊሱ ሰልፉን እስከ መጨረሻው አየው። ከሰልፉ ጀርባ ደግሞ የከተማው መኪና ተከማችቶ ጡሩንባውን ጀምሯል። "በሉ እናንተ እለፉ፣ መንገዱን ልቀቁ፣ እኔ ከሹፌሩ ጋር እጨርሳለሁ" አለ።

የተንቀሳቀሰ የለም።

"እለፉ አልኩ እኮ!"

"አስከሬን አይቀደምም" አለ አንደኛው መሐንዲስ።

"ሕግ ነው እያዘዛችሁ ያለው!"

"ልጄ፣ እኚህን ሰው በሕይወታቸው ቀድሟቸው በር ላይ የደረሰ ተማሪ የለም። አሁን እንጀምር?"

ከፊተኛው መኪና የዳይሬክተሩ ሚስት ወረዱ፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ፖሊሱ ፊት ቆመው ቀና ብለው አዩት። "ልጄ፣ ባለቤቴ አርፍደው አያውቁም። ዛሬ ደግሞ ያለ ልማዳቸው ቀድመው ሊደርሱ ነበር። ግድ የለም፣ ቅጣቱን በእሳቸው ስም ጻፈው፤ እኔ እፈርምልሃለሁ።"

ፖሊሱ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ቀስታ መኪናው አጠገብ ቆሞ በልቡ ሆስፒታል ነው። የዳይሬክተሩ ልጅ፣ እናቷን ይዛ ልክ ከኋላው ትነዳ የነበረችው፣ ቀስ ብላ ወደሱ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ፣ እስክንነሳ ድረስ መጋረጃውን ይዝጉልኝ።"

"የቱን መጋረጃ?"

በጣቷ አሳየችው። "ያንን። ሲሄድ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሲቆም ግን ዓይኔ ከሣጥኑ ላይ አልነቀል አለኝ።"

ጋሽ ቀስታ የኋላውን በር ከፍቶ መጋረጃውን ጎተተ። የዓመታት አቧራ ቦነነ፣ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ተንቋቁ፣ ሐምራዊው ጨርቅ መስታወቱን ሸፈነ። ልጅቷ ትከሻዋን አወረደች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ የትልቅ ውለታ ያህል። እሱ አልገባውም። አቧራውን ከእጁ አራግፎ ቆመ።

ፖሊሱ በመጨረሻ እንዲህ ወሰነ፤ ክሱ ለአስከሬን መኪናው ብቻ፣ መንጃ ፈቃዱ እሱ ጋ ይቆያል፣ መንገዱ እንዲከፈት ደግሞ ራሱ በሞተር ብስክሌት ከፊት እየመራ ያደርሳቸዋል። "ከኔ እንዳያልፉ" አለ። ጣቱንም ቀሰረ።

መራቸውም። እንዴት ያለ አመራር! ለአስከሬን ክብር ብሎ እግሩን መሬት ሊያስነካ ምንም ያህል አልቀረውም። ጋሽ ቀስታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀርፋፋ ሰው ኋላ መሄድ ምን እንደሚመስል ቀመሰው። የፖሊሱን ጀርባ ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ የፖሊሱን ጀርባ ያያል። እጁ ጡሩንባው ላይ አረፈና መለሰው። በጥንቱ ሁለተኛ ማርሹ ቢሄድ ኖሮ ያን ጊዜ መቃብር ደርሶ፣ አስከሬኑ ወርዶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው፤ ወተቱን ያፈሰሰው ግን በዚህ ጊዜ ታላቅየው ነው።

መቃብሩ ላይ የባንክ ኃላፊው ንግግር አደረገ። ስለ ሰዓት አክባሪነት። ረጅም ነበር።

አፈር እንደለበሱ ጋሽ ቀስታ መኪናው ላይ ዘሎ ወጣ። እትዬ ዘንድ መልሶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ ታክሲ ልፈልግ ቢል ጊዜ የለም። ስለዚህ አንድም የሣጥን ቤት ሹፌር የማይሠራውን ስህተት ሠራ፤ በአስከሬን መኪና ታማሚ ሊጠይቅ ሄደ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ አይቶት እጁን አወዛወዘ። "በኋላ በር! በኋላ በር ነው የናንተ!"

"ታማሚ ልጠይቅ ነው።"

"በዚህ?"

"ወንድሜ ነው።"

ዘበኛው መኪናውን አየ፣ ሰውዬውን አየ። "አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህን ትወደዋለህ ወይስ እየጠበቅከው ነው?" አለና ከፈተለት።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ወንበሮች ላይ የታማሚ ቤተሰብ ሞልቷል። ረጅሙ ጥቁር መኪና፣ ሐምራዊ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ቀስ ብሎ ግቢው ውስጥ ሲገባ አንገት ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁሉም በየልቡ "የማን ይሆን?" አለ። የመብረቅ ሚስት መኪናውን አወቀችው። ሹፌሩንም። ብድግ ብላ "ወይኔ መብረቄ!" ብላ ጮኸች።

ጋሽ ቀስታ ከመኪናው ወድቆ ነው የወረደው ማለት ይቻላል። ጉልበቱን ረስቶ እየሮጠ "ባዶ ነው! ባዶ ነው! እኔ ነኝ እንጂ ባዶ ነው!" እያለ መጣ።

የመብረቅ ሚስት ቦርሳዋን አንስታ ደረቱን መታችው፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። የሱም ሚስት እዚያው ነበረች። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አንተ መኪናውን ይዘህ ትመጣለህ?"

"ገባ?" አለ ጋሽ ቀስታ።

"አሁን፣ ገና አሁን" አለች የመብረቅ ሚስት። "አልጋውን እየገፉት እንኳ አንገቱን አዙሮ ኮሪደሩን ያይ ነበር። 'ጋሼ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?' አለ። በሩ ተዘጋ።"

ጋሽ ቀስታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ምን ሊለኝ ነበር?" አለ።

የመብረቅ ሚስት ከሱ ሚስት ጋር ተያየች።

"እኔ አውቀዋለሁ ጋሼ። የእማማን ቀን ነው።"

"ደርቦ ያለፈበትን?"

"ለምን ደርቦ እንዳለፈ።" አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። "አንተ ከፊት ነህ። ዓይንህ መንገዱ ላይ ነው፣ እማማ ከጀርባህ ናት። እሱ ግን ያ መስታወት ፊቱ ላይ ነው። አንተ ቀስ ባልክ ቁጥር እሱ ሣጥኗን ያያል። ያንን መስታወት ደግሞ እንዴት አድርገህ እንደምትወለውለው ታውቃለህ፤ በግልጽ ነው የሚታየው። 'ከዚህ በላይ ብከተል አብድ ነበር' ነው ያለኝ። መቃብሩ በር ላይ ሲጋራ ሲያጨስ ያየኸውም ከዚያው የተነሳ ነው። እሱ እኮ ሲጋራ አያጨስም ጋሼ። ከመቃብር ቆፋሪው ተቀብሎ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለህ ጠይቀኸዋል?"

ጋሽ ቀስታ ባርኔጣውን አዞረ፣ አዞረ። ፖሊሱ እንኳ፣ መልሱን ባያምነውም፣ ለምን ብሎ ጠይቆት ነበር።

ጠበቁ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ወንበሮቹ ላይ ያሉ ሰዎች ተቀያየሩ፣ ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ "ያን መኪና አንሳልኝ እባክህ፣ ታማሚዎቹ በመስኮት እያዩ ምግብ አልበላ አሉ" ብሎ ለመነው፤ በሁለተኛው ተነስቶ ከግንቡ ጀርባ አቆመው። ሲመለስ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ለሴቶቹ ያወራል። ዕባጩ ወጥቷል፣ ደህና ነው፣ ገና አልነቃም። "ቀስ ብሎ ይነቃል፤ እንዳታስቸኩሉት" አለ ዶክተሩ። የጋሽ ቀስታ ሚስት በዚህች ቃል ልትስቅ ፈለገችና ባሏን አይታ ተወችው።

አስገቧቸው። ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል መስኮት፣ በአንድ በኩል ከሌላው ታማሚ የሚለይ ነጭ መጋረጃ። መብረቅ በጀርባው ተኝቷል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ እጁ ላይ ቱቦ ተሰክቶ፤ እንዲህ ዝም ብሎ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ሚስቱ በራስጌው ቆመች። ልጁ፣ ያቺ ፖሊሶቹ ስለ ፈተናዋ የሚጠይቁላት፣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ይዛለች። የጋሽ ቀስታ ሚስት በሩ ጋ ቀረች። ጋሽ ቀስታ ወንድሙ አጠገብ ሄዶ ቆመ፣ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ነጩ መጋረጃ መልሶ ተናገረ። ሁሉም ሰምተውታል።

"የኔም መኪና እኮ መጋረጃ ነበረው። እማማን የወሰድኩ ቀንም እዚያው ጥጉ ላይ ነበር።"